ልጅዎ ለኦፕራሲዮን ሲቀጠር ፍርሃቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያቀሉለት

ጎረቤቶቻችን የአራት ዓመት ልጃቸውን ለቡአ ኦፕራሲዮን የወሰዱት ጅማ አጠገብ ወዳለው ረግረግ፣ «ቦዬ ሄደን ጉማሬ እናያለን» ብለው ነበር። ልጁ ባጃጁ በሌላ መንገድ ሲታጠፍ ዝም አለ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ስትመጣ ግን የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ያዘ፤ ጣቶቹን ለማላቀቅ ሦስት ሰው አስፈለገ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ገበያ እንሂድ ሲባል እንኳ እውነት መሆኑን ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ከኦፕራሲዮን በፊት በጣም የተረበሸ ልጅ ከማደንዘዣ ሲነቃ ይበልጥ ሊወራጭ፣ ሕመሙም ሊብስበትና ቤት ከገባ በኋላም እንቅልፍ ሊያጣ ስለሚችል፣ ልጁን በእውነት ማዘጋጀት የሕክምናው አንድ ክፍል ተደርጎ መታየት አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ የወላጅ ነው፤ የእናትና የአባት ድንጋጤ ወደ ልጅ ይጋባልና። በቀጠሮው ቀን ቀዶ ሐኪሙንና የማደንዘዣ ባለሙያውን የሚጠይቁትን ቀደም ብለው በወረቀት ይጻፉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን የመሰለ፣ ከከተማው አልፎ ከአጋሮም ከከፋም ታካሚ የሚጎርፍበት ሆስፒታል ውስጥ በቃል የያዙት ጥያቄ በግርግሩ መካከል ይጠፋል። ልጁ የሚተኛው የማደንዘዣ ጋዝ በሚተነፈስበት ማስክ ነው ወይስ በመርፌ? እስከ የትኛው በር አብሬው እገባለሁ? ሲነቃ ማን ያገኘዋል? አስቀድሞ የሚሰጥ የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ? ልጁ በቤት የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነም በዚያው ቋንቋ የሚያነጋግረው ሰው እንዲኖር ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚነግሩበትን ጊዜ ይምረጡ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚያስፈራው በዋናነት ከእናቱ መለየቱ ስለሆነ፣ ብዙ ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ የለመደውን ጋቢ ወይም መጫወቻ ይያዙለት። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀር መንገር ይበቃል፤ ከዚያ ቀድሞ ከሰማ በሐሳቡ እያገዘፈው ይሰነብታል። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ግን ጠይቆ እንዲጨርስ አንድ ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል።

በምን ቃል እንደሚነገር ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። «ይቀድዱሃል»፣ «ይቆርጡልሃል» የሚሉት ለአዋቂ ተራ ቃላት ናቸው፤ ልጅ ግን የሚሰማው ቢላዋ ነው። «ዶክተሩ ያበጠውን ቦታ ያስተካክልልሃል» ማለት እውነትም ነው፣ አያስበረግግምም። ማደንዘዣውን «የመድኃኒት እንቅልፍ» ይበሉት፤ እንደ ሌሊት እንቅልፍ ሲነኩት የሚያባንን አለመሆኑን፣ ሥራው እስኪያልቅ ምንም እንደማይሰማውና ሲያልቅ እንደሚነቃ ይንገሩት። መርፌ መኖሩን ከጠየቀ «የለም» አይበሉ፤ ካለ ትንሽ ቆንጠጥ እንደሚያደርግና ወዲያው እንደሚያልፍ ይመልሱለት። በየቤታችን «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ ይወጋሃል» እያልን ልጅ ስንቀጣ ከርመን በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን እንዲያምን መጠበቃችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስገርመኛል።

ከንግግሩ በተሻለ የሚገባው ጨዋታ ነው። ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊት ታማሚ ትሁን፤ ማስኩ ደግሞ ሲኒ። ልጁ ራሱ ሲኒውን በአሻንጉሊቷ አፍና አፍንጫ ላይ ደፍቶ «ተንፍሺ፣ አብሽሪ» እያለ ያስተኛት፤ ከዚያ ያንቃት። ቀጥሎ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ኩባያ ራሱ ይዞ ፊኛ እንደሚነፋ በረጅሙ መተንፈስን ይለማመድ። ሦስት አራት ጊዜ ከተጫወተበት በኋላ እውነተኛው ማስክ ሲቀርብለት ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም።

በዋዜማው የጾሙን ሰዓት ያስተካክሉ። የተለመዱት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ከማደንዘዣ በፊት ለቀላል ምግብና ለላም ወተት 6 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለውሃ 2 ሰዓት ክፍተት ያዛሉ፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። እርስዎ የሚከተሉት ግን ሆስፒታሉ ለልጅዎ የነገረዎትን ነው። «6 ሰዓት» ሲባሉ የጊዜው ርዝመት ይሁን የሰዓት ቆጣሪው ንባብ አረጋግጠው ይውጡ፤ በዚህ ስህተት ቀጠሮ ሊሰረዝ ይችላል። አጥሚት፣ በሶና የአቮካዶ ጁስ ቢጠጡም ከምግብ የሚቆጠሩ እንጂ ውሃ አይደሉም። ለጥየቃ የመጣችው አክስት አዝና ቁራሽ ዳቦ እንዳታጎርሰው፣ በሆዱ የቀረ ምግብ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ለቤተሰቡ ሁሉ ያስረዱ። ልጁም የሚራብበትን ምክንያት ይወቅ፤ አለዚያ ቅጣት ይመስለዋል።

ጠዋት ተራ ሲጠበቅ ስልክ ላይ የሚወደውን ቪዲዮ መክፈት፣ ወይም «ተረት ተረት» ብሎ «የመሠረት» እያሰኙ ማስቀጠል የሚናቅ መላ አይደለም። በሩ ላይ ሲደርሱ መሰናበቻው አጭር ይሁን። «እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፤ ስትነቃ ያስጠሩኛል» ብለው ይሳሙትና ለባለሙያዎቹ ይስጡት፤ ተደብቀው አይጥፉ። ቢያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አይበሉት። አብሮ መግባት ከተፈቀደልዎ፣ ዓይኑ ሲገለበጥ ወይም ሰውነቱ ሲወራጭ ሊያዩ እንደሚችሉና ይህም በመተኛት ላይ የሚታይ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ።

ሲነቃ ማንንም የማያውቅ መስሎ ሊጮህ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፤ በዝግታ ስሙን እየጠሩ አጠገቡ ይቆዩ። ቤት ከገባ በኋላ ሽንት ማምለጥ፣ ሌሊት መባነንና ከእናት አለመነጠል ሊታዩ ይችላሉ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ካልቀነሱ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከሆስፒታል ሲወጡ ደግሞ ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ክር ይሁን ወይም የሚወጣ ይጠይቁ፤ የሚወጣ ከሆነ በዚያ ጠዋት ልጁ የት እንደሚሄድ ገና ባጃጁ ሳይጠራ፣ እቤት እያለ ይወቅ።