መብራት ሲሄድ ኮንትሮለሩ ምን ያደርጋል? ለአዲስ የኮንትሮል መምህር የመጀመሪያ ምርምር

ኮምቦልቻ ላይ ኮንትሮል (ሙቀትንና ፍጥነትን የመሰለ ነገር መሣሪያ በራሱ እንዲቆጣጠር የማድረግ ትምህርት) አስተምራለሁ፤ ቤቴ ደሴ ነው። አዲስ የተቀጠረ ረዳት ምሩቅ ቢሮዬ ገብቶ «ጋሼ፣ ምርምር ከየት ልጀምር?» ሲለኝ፣ አብሽር፣ ላፕቶፕህን ዝጋና ባልዲ ፈልግ እለዋለሁ።

የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፌ ከዳር እስከ ዳር ሲሙሌሽን፣ በኮምፒውተር ብቻ የተመሰለ ሙከራ፣ ነበር። «ይህ የተሞከረበት ዕቃ የት አለ?» ተብሎ ተመለሰልኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የምትነካው ነገር ይኑርህ፦ 10 ሊትር ውሃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የሙቀት ሴንሰር፣ ሪሌይ (ማሞቂያውን በትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ አንድ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፤ ኮንትሮለራችን እሱ ነው)። እጅህን ውሃው ውስጥ ከመክተትህ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀል።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ፈትን። በረዶ በሞላ ውሃ ውስጥ 0 ማለት አለበት። የፈላ ውሃ ውስጥ ግን 100 እንዲልህ አትጠብቅ፤ ውሃ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ፣ ደሴ ላይ ደግሞ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ይህን ያላወቀ ተማሪ ደህናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብሎ ሲጥል አይቻለሁ።

ከዚያ ፒአይዲውን አስተካክል። ፒአይዲ ማሞቂያው ምን ያህል ይሥራ የሚለውን ከሦስት ነገር የሚያሰላ ቀመር ነው፦ በተፈለገውና ባለው ሙቀት መካከል ካለው ልዩነት፣ ልዩነቱ በጊዜ ሲጠራቀም ከሚሰጠው ድምር (ኢንተግራል) እና ከለውጡ ፍጥነት (ዴሪቫቲቭ)፤ ጌይን ደግሞ ልዩነቱ የሚባዛበት ቁጥር ነው። ዚግለርና ኒኮልስ የተባሉ ኢንጂነሮች በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ለመነሻ ይበቃል። ኢንተግራሉንና ዴሪቫቲቩን አጥፍተህ ጌይኑን ቀስ በቀስ ጨምር። ሙቀቱ ሳይሰፋ ሳይጠብ መወዛወዝ ሲጀምር፣ ያንን ጌይንና አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀውን ጊዜ መዝግብ። የጌይኑን 0.6 ውሰድ፤ የኢንተግራል ጊዜው የውዝዋዜው ግማሽ፣ የዴሪቫቲቩ አንድ ስምንተኛ ይሁን። በዚህ ብቻ ከተውከው ሙቀቱ ከተፈለገው ማለፉ አይቀርም፤ እኔ ጌይኑን በግማሽ እቀንሰዋለሁ።

ዴሪቫቲቭ ያልገባው እናቱ ቡና ስታፈላ ይይ። ጀበናው እስኪገነፍል አትጠብቅም፤ ቡናው ወደ አንገቱ የሚወጣበትን ፍጥነት አይታ ቀድማ ከእሳት ታነሳዋለች። ኢንጂነሩ ሚኖርስኪም መርከብን በራሱ ስለሚመራ ኮንትሮል በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ የመርከብ መሪ የያዙ ሰዎች እንዴት እንደሚያርሙ ልብ ብሎ በማየት የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አንድ ማታ ውሃው 60 ላይ ረግቶ ሳለ መብራት ሄደ። አርዱይኖው የሚሠራው በላፕቶፑ ባትሪ ነበርና ምንም አላወቀም፤ ሙቀቱ ሲወርድ እያየ ኢንተግራሉን ሲደምር፣ ሲደምር ቆየ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ውሃው 60ን አልፎ 78 ገባ። ይህ ኢንተግራል ዋይንድአፕ ይባላል። መጻሕፍቱ በአብዛኛው የሚያነሱት ቫልቭ ወይም ማሞቂያ ጣሪያው ላይ ሲደርስ የሚመጣውን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይመጣል። ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ገንዳው 18 ዲግሪ ቢያልፍበት ቀለሙ ምን እንደሚሆን አስበው።

ሁለት መፍትሔ ሞክር። አንደኛው፣ ኮንትሮለሩ ለማሞቂያው የሚሰጠው ትእዛዝ 100 በመቶ ሲሞላ የኢንተግራሉን ድምር ማቆም። ሁለተኛው፣ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳውቅ ትንሽ ሰርኪዩት ጨምሮ፣ መብራት ሲጠፋ ኢንተግራሉን ባለበት ማቆየት። መብራት እስኪሄድ አትጠብቅ፤ የማሞቂያውን ሶኬት ሰዓት ይዘህ 5፣ 10 እና 20 ደቂቃ ንቀል። እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ ድገም። ስንት ዲግሪ እንዳለፈና በስንት ደቂቃ እንደረጋ ጻፍ።

ከሌክቸረር እስከ ፕሮፌሰር ያለውን የማዕረግ መሰላል የመምህራን እድገት መመሪያው ይነግርሃል። የእኔ ማስተርስ የወጣው ከዚያ ባልዲ ነው። ጽሑፍህን ስትልክ ያልተስተካከለውንም ግራፍ፣ ያንን 78 የደረሰውን፣ አብረህ ላክ።