ወሎ ውስጥ ከሚጠቀመው በላይ ኮረንቲ የሚያመነጭ ቤት እንዴት ይሠራል?

ሮልፍ ዲሽ የተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት በ1994 እ.ኤ.አ. ፍራይቡርግ ከተማ ላይ ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር ቤት ሠርቷል። ቤቱ ከሚጠቀመው በላይ ኃይል ያመነጫል። የእኛ ቤት መዞር አያስፈልገውም። ወሎ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ዋናው ሥራ ያለው ማዕድ ቤት ነው።

1. ፍጆታችሁን ቁጠሩ

የአንድ ወር ፍጆታችሁን ከቆጣሪው አንብቡና ለ30 አካፍሉ። ከዚያ የትኛው ዕቃ ስንት እንደሚወስድ ለዩ። አምፖልና ቴሌቪዥን ብዙ አይፈጁም። ፍሪጅ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት (1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ያህል) ገደማ ይወስዳል። ትልቁ በላተኛ ምጣዱ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሲታሰብ 2 ማለት ነው።

ከሰሉም ይቆጠር። ቡናውና ወጡ በከሰል እየተሠራ ቤቱ ትርፍ ያመነጫል ማለት ለእኔ ሒሳብ ማድበስበስ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢቀየር የሚፈጀውን ደምሩበት። ለምሳሌ ያህል ጠቅላላው በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሁን።

2. ቀንሱ

አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቀይሩ። ደሴ ላይ ኮርኒስና በደንብ የሚገጥም በር ብርዱን ያስቀራሉ። ቆቦና ባቲ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ የጣሪያ ክፈፍና ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት ይሻላል። የላስታ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ስለሚያቆይ፣ አዲስ ቤት የምትሠሩ ሰዎች በብሎኬት ለመተካት አትቸኩሉ። ምጣዱን አንዴ ካሞቃችሁ ሊጡን ሁሉ ጋግራችሁ ጨርሱ፤ አክንባሎውም በደንብ ይግጠም።

3. ጣሪያውን አዘጋጁ

በወሎ ደጋ 1 ኪሎዋት የፀሐይ ፓናል በዓመት አማካይ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል ብላችሁ አስቡ። እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ አራት ፓናሎች በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት እና ከዚያ በላይ ያመጣሉ። ከዚህ ላይ የፍጆታችሁን 5 ስትቀንሱ ትርፉ ይታያል።

ፓናሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት። ይህን ያህል ካዘነበለ ዝናቡ ራሱ አቧራውን ያጥበዋል። ደሴ ላይ ግን ጦሳ ከምዕራብ ስለሚጋርድ ፀሐይ ቶሎ ትገባለች። ከተራራው ሥር ያላችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሩት፤ በክረምትም ቢሆን ደመናው ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። የጎረቤት ባህር ዛፍ ጥላም ይታይ። አንድ ፓናል 28 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አናጢ ጣሪያውን ሳያይ አይሰቀል።

ፓናል ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት፤ ከሥሩ ነፋስ ይለፍበት። በዚህ በኩል ደሴና ላሊበላ ቅዝቃዜያቸው ጠቅሟቸዋል።

4. እንጀራው በቀን ይጋገር

ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። ማታ የሚጋገር ከሆነ ያን ሁሉ ኃይል የሚሸከም ትልቅ ባትሪ መግዛት አለባችሁ። እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ግን ፓናሉ 2,000 ዋት አካባቢ እየሰጠ የጎደለውን ብቻ ባትሪው ይሞላል። 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪና 5,000 ዋት ኢንቨርተር (የፓናሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኮረንቲ የሚቀይር መሣሪያ) ይበቃል። ልብስ ማጠቢያውንና የውኃ ፓምፑንም ወደዚያው ሰዓት አምጧቸው።

5. ትርፉን አስተናግዱ

ትርፉን ወደ መብራት መስመሩ ከመላካችሁ በፊት አካባቢያችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ አትሞክሩት። ኢንቨርተሩ መብራት ሲጠፋ ራሱን ከመስመሩ የሚቆርጥ መሆን አለበት። ካልሆነ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊሞት ይችላል።

መላክ ካልተቻለ ትርፉ ለጎረቤት ይጠቅማል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ወልድያና ላሊበላ ለወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ አንድ እንኳ ቢኖር የስንቱ ስልክ ይሞላ፣ የስንቱ መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ ነበር!

6. ዓመቱን ሙሉ መዝግቡ

የመነጨውንና የተበላውን በየወሩ ጻፉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሊጎድል ይችላል፤ ስለዚህ የመብራቱን መስመር አታስቆርጡ። በበጋ ዝናብ ስለሌለ ፓናሉን በማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ አጽዱት።