ከኮምቦልቻ ወልዲያ በብስክሌት፦ የት ቆሞ ምን ማየት

በመኪና የሚሄድ ሰው መቆሚያውን በዝና ይመርጣል። ብስክሌተኛን የሚያቆሙት ዳገቱና ፀሐዩ ናቸው። ትንፋሽ አጥሯችሁ የደረሳችሁበትን ቦታ ደግሞ አየነው ማለት ይከብዳል። ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ያለውን 145 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለአራት ቀን ከፋፍሉት። ደህናው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በመስከረም 21 አካባቢ የግሸን ተጓዥ መንገዱን ስለሚሞላው ለብስክሌት አይመችም። በየማለዳው መናኸሪያ ጎራ ብላችሁ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ ሚኒባስ ካልወጣ እናንተም አትውጡ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ትወጣላችሁ። ከባድ መኪናው ሳይበዛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ። ሐረጎ ላይ ጥምዝምዙ ከመጀመሩ በፊት ቀላሉን ማርሽ አስገቡ። ዳገት መሐል ፔዳሉን በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ማርሽ መቀየር ካቴናውን ያወልቃል፣ ሲብስም ይበጥሳል። የኮምቦልቻን ሜዳ ቁልቁል ለማየት መቆም የሚገባው ቀጥ ባለ ቦታ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ነው። ኩርባ ላይ የሚቆምን ሰው የጭነት ሹፌር የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። ከሰዓቱን ለአይጠየፍ አድርጉት፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ድሃና ሀብታም ሳይለይ ሁሉ ይበላበት እንደነበር ይናገራል። የደሴ ብርድ ላብ ላይ ክፉ ነውና ደረቅ ልብስ ያዙ።

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪያውም ይፈነዳል። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ፤ ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አትያዙ። ቸርኬው የጋለ ሲመስላችሁ 10 ደቂቃ ቁሙ፤ በእጅ ግን አትንኩት። ያለቀ የፍሬን ጎማ ካለ ደሴ ላይ ቀይሩት።

ሐይቅ ላይ ማደር ግድ ነው። የውኃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። የተጠበሰ ቆሮሶ የሚበላውም እዚሁ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በማለዳ ሲታይ ያምራል። የብስክሌት ቁምጣ ለብሶ መግባት ነውር ስለሆነ ሰፊ ሱሪና ነጠላ ሻንጣ ውስጥ ይኑር። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ተቀላቅላችሁ የምትጓዙ ከሆነ መገናኛ ሰዓትና ቦታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው፤ እስከ መርሳ 60 ኪሎ ሜትር ያህል። መሐል ላይ ውጫሌ ትገኛለች። ቅኝቱን በጆሮ ብቻ የምታውቁት አምባሰል እዚህ ፊት ለፊት ቆሟል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመባት ይስማ ንጉሥ ከከተማው ወጣ ብላ ናት። ከአስፋልት ስትወጡ የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንሱ፣ ስትመለሱ ሙሉት፤ መንፊያ ከሌላችሁ ግን አትንኩት፤ የላላ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ካላማዳሪያው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ከውርጌሳ በኋላ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ ያዙ። ጥላ ፍለጋ ግራር ሥር ብስክሌት መንዳት እሾህ መልቀም ነውና ተሸክማችሁ ግቡ። መርሳ ፍራፍሬ አይጠፋም።

አርብ ቀትር ላይ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ከመስጊድ የሚወጣው ሕዝብ እስኪያልፍ ወርዳችሁ ግፉ። የሚሮጡ ልጆችን ደግሞ ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው፤ ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋይ የማንሣቱ ነገር ይቀንሳል።

ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በስሪንቃ በኩል ሲወጣ ፀሐዩ ስለሚበረታ በማለዳ ጨርሱት። በአውቶቡስ ለመመለስ የፊት ጎማውን ፍቱ፣ ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። ሒሳቡን ሳይጫን ተስማሙ፤ ከተጫነ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ረዳቱ ነው።