ትንሿ የዌክሰርፍ ቦርድ እንዴት ትመረጣለች? ጣና ላይ አንዴ ከሰመጠ ሰው

ከአሜሪካ የምትመጣው የአክስቴ ልጅ «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ ጫማ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ዌክሰርፍ ቦርድ፤ ያቺን ትንሿን፣ የሚሽከረከሩባትን» አልኳት። ፎቶ ላከችልኝ። ከስሩ «እስከ 150» ይላል። እኔ 78 ኪሎ ነኝ። እንዲያውም ይተርፈኛል ብዬ «ግዢልኝ!» አልኩ።

150ው ፓውንድ ነበር። 68 ኪሎ ማለት ነው። ቦርዷ ባሕር ዳር ደረሰች። ላይዋ ቆምኩ። ገመዱን ስለቅ ሁለታችንም ቀስ ብለን፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ወደ ታች ወረድን። ጀልባዋን የሚነዱልን ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄ መንሳፈፊያ ነው አክንባሎ?» አሉኝ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ዌክሰርፍ ጀልባ ስትሄድ ከኋላዋ የምትተወውን ማዕበል መጋለብ ነው። ለመነሳት ገመድ ይያዛል። ማዕበሉ ውስጥ ከተገባ በኋላ ገመዱ ይጣላል፤ ከዚያ የሚገፋችሁ ውሃው ብቻ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባጃጅ ያንሳል። ቦርዶቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወፈርና ረዘም ያለ፣ ፊኑም ትልልቅ የሆነ ነው። ሁለተኛው ስስና አጭር ነው፤ ለመሽከርከርና ለመንሸራተት የተሰራ። ስኪም ይሉታል። ፊን የምለው ከቦርዱ ሆድ ስር እንደ ዓሣ ክንፍ የሚተከለውን ነው። ወሬዬ ስለ ስኪሙ ነው።

አንደኛ፦ ቦርዱን ሳይሆን የጀልባዋን ጀርባ እዩ

ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ፣ ፕሮፔለሩም (ውሃውን እየገፋ ጀልባዋን የሚነዳው ተሽከርካሪ ክንፍ) ከጀርባዋ ወጥቶ የሚሽከረከር ከሆነ ቦርድ መምረጡን እዚሁ ላይ ተዉት። ዌክሰርፍ ስትጋልቡ ከጀልባዋ 3 ወይም 4 ሜትር ብቻ ነው የምትርቁት። ወደ ፊት ስትወድቁ የሚጠብቃችሁ ያ ፕሮፔለር ነው። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው ከሚያመላልሱት ጀልባዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። «ግድ የለም፣ ቀስ እንላለን» የሚላችሁን አትስሙ። ለእንዲህ ያለ ጀልባ የሚስማማው 18 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ገመድ የሚጎተተው ዌክቦርድ ነው። እሱ ሌላ ቦርድ፣ ሌላ ጨዋታ ነው።

ለዌክሰርፍ የሚያስፈልገው ሞተሩ ከሆዷ ውስጥ፣ ፕሮፔለሩ ከወለሏ ስር ገባ ያለ ጀልባ ነው። እኛ የምንጠቀመው አንድ ወዳጃችን ባለው አሮጌ የውሃ ስኪ ጀልባ ነው። እንዲህም ሆኖ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ተጎልቶ መቆየት አይገባም። ጭሱ ሽታው ሳይሰማችሁ ራሳችሁን ሊያስታችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ተመዘኑ

ኪሎውን በ2.2 አባዙት፤ ፓውንድ ይሆናል። አለቀ። ርዝመቱም በጫማና በኢንች ስለሚጻፍ «4 ከ 2» ሲሏችሁ 127 ሴንቲ ሜትር፣ «4 ከ 8» ሲሏችሁ 142 ሴንቲ ሜትር መሆኑን እወቁ። የእኔን ስህተት ለመድገም የሚያበቃ ምክንያት የላችሁም።

ሦስተኛ፦ ማዕበሉን መዝኑት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ እኔን ሁለት በጋ የፈጀብኝ ይህ ነው።

ፋብሪካው ቦርዱ ላይ የጻፈው የክብደት ልክ አንድ ያልተነገረ ነገር አለበት። ጀልባዋ ለዚሁ ሥራ የተሰራችና ከብዳ ማዕበሏ እንዲተልቅ በሆዷ ብዙ መቶ ኪሎ ውሃ የጫነች እንደሆነች ቆጥሮ ነው። የእናንተ ጀልባ እንደዚያ ካልሆነች ልኩም ልክ አይደለም።

በዚያ ላይ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ከስድስት እጅ ጉልበቱ አንዱን ያህል ያጣል። ይህን ሳናውቅ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ውሃ ሞልተን፣ ሰባት ሰው ሆነን ተነሳን። ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ አቃሰተች እንጂ 17 ኪሎ ሜትር በሰዓት አልገባችም። አንዱን ከረጢት አፈሰስነው። ሄደች፤ ማዕበሉም አብሮ ሟሸሸ። ፒቹ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ቢገጠምላት ትሻላለች፤ እሱ እስኪገኝ ግን ቦርዱን ካለው ማዕበል ጋር ማስማማት ነው።

አንድ ሰው እዚያ ዝቅተኛ ቦታ፣ በደንብ በተጫነች ጀልባ ኋላ፣ በ80 ኪሎው የሚጨፍርበት ቦርድ እዚህ እኔን አይሸከምም። ለዚህ ነው ቪዲዮ አይታችሁ ቦርድ አትምረጡ የምለው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ቦርዱ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ማዕበሉ ነው።

ታዲያ ማዕበሉ በምን ይለካል? ከመግዛታችሁ በፊት ትልቁን ዓይነት ቦርድ ተዋሱ፤ 157 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን። ጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች በምትጋልቡበት በኩል ይቀመጡ። ግራ እግራችሁን የምታስቀድሙ ከሆነ በግራ በኩል፣ ቀኙን የምታስቀድሙ ከሆነ በቀኝ በኩል ማለት ነው። ተነሱና ገመዱን ጣሉ። ከዚያ እግራችሁን አዳምጡ። የፊት እግር ነዳጅ ነው፤ ስትጫኑት ቦርዱ ወደ ጀልባዋ ይሮጣል። የኋላው ፍሬን ነው። ላለመቅረት የፊት እግራችሁን ሳታቋርጡ መጫን ካለባችሁ ማዕበሉ ደካማ ነው፤ ስኪም ለመግዛት ገና ነው። ጀልባዋን ላለመግጨት ፍሬን መያዝ ካለባችሁ ግን ትርፍ ጉልበት አለ። ትንሿ ቦርድ የምትኖረው በዚያ ትርፍ ላይ ነው። ሲሽከረከሩ ፍጥነት ይባክናላ፤ የሚመልስላችሁ እሱ ነው።

አንድ ፈተና ጨምሩ። ሆን ብላችሁ ወደ ኋላ ቅሩና ነዳጁን ረግጣችሁ ለመመለስ ሞክሩ። እኔ ሰባት ሰው ሲኖር 3 ሜትር ያህል ቀርቼ እመለሳለሁ። ሦስት ሰው ሲሆን አንድ ሜትርም አልመለስም። ስለዚህ ቅዳሜ ስንት ሰው ይመጣል የሚለውም የቦርድ ምርጫ ጥያቄ ነው። ሳቁ ግን እውነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት ልክ ይህ ነው፦ ክብደታችሁ ከተጻፈው ጣሪያ ቢያንስ 10 ኪሎ ይነስ። እኔ በሁለተኛው ዙር ያስመጣሁት 142 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እስከ 200 ፓውንድ ማለትም 91 ኪሎ የሚል ነው። ይሸከመኛል፤ ይሽከረከራልም። ያቺ የመጀመሪያዋ 127 ነበረች። የ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ውሃ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው።

አራተኛና አምስተኛ፦ ፊን፣ ጠርዝና ጉብጠት

እነዚህን ለይቶ ማየት አይቻልም። ትልቅ ፊን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ መዞር ግን አይፈቅድም። ትንሽ ፊን ይለቃል። ፊኑ የሚፈታ ቦርድ ግዙ። በትልቁ ጀምራችሁ፣ ሚዛናችሁ ሲረጋ ወደ ትንሹ ውረዱ። እምቦጭም ፊን ይወዳል። በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ ንፋስ የገፋው ቁራጭ ግን የትም ይገኛል። ትልቅ ፊን እንደ ሹካ ይሰበስበዋል።

ስለታም ጠርዝ ማዕበሉን ይነክሳል፤ ስትዞሩ ደግሞ ይያዝና በአፍንጫችሁ ይተክላችኋል። ድብልብል ያለው ይቅር ይላል። ለመጀመሪያ ስኪም ድብልብሉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ስለታሙን የሚያሞግሱት ሰዎች መቼም አልወደቁም መሰለኝ።

ጉብጠቱን ለማየት ቦርዱን ወለል ላይ በሆዱ አስተኙትና አፍንጫና ጅራቱ ምን ያህል እንደተነሳ ተመልከቱ። ብዙ የጎበጠው ለመዝለልና በጠባቡ ለመዞር ደስ ይላል፤ ግን ይዘገያል። ጠፍጠፍ ያለው ይፈጥናል። ማዕበላችን ደካማ ስለሆነ ለእኛ ጠፍጣፋው ነው።

ስድስተኛ፦ ከምን ተሠራ?

ካርቦን የለበሰው ቀላልና ውድ ነው፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። በሻጋታ ተጨምቆ የሚወጣው ከበድ ይላል፤ ግን ቻይ ነው። ባሕር ዳር ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጠጋኝ በቅርብ የለም። ካርቦን ለምን እንደሚያስፈልገን አላውቅም።

ላይኛው ፊት ሰም የሚቀባ ሳይሆን ለስላሳ ስፖንጅ የተለጠፈበት ይሁን። ቀለሙ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ይሁን። እኔ ቦርዴን ከቀትር በፊት በቆመ መኪና ውስጥ ትቼ ምሳ በላሁ። ስመለስ ስፖንጁ ከዳር ዳር ተላቋል። ጥላ ስር አኑሩት፤ እርጥብ ፎጣ ጣሉበት።

የሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ። ብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይላሉ። ትንሿም ቦርድ ብትሆን በማሸጊያዋ ታልፋለች። የአክስቴ ልጅ ይህን ያወቀችው ሻንጣ የሚመዘንበት ጋ ቆማ ነው። ስለ እሱ ባናወራ ይሻለኛል።

ሰባተኛ፦ ሙከራው

ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሐይቁን ያሻክረዋል። ከ3 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ላይ ማዕበሉ ይበላሻል፤ ደለሉም ይነሳል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዲህ ያለ ማዕበል ከዳርቻ 150 ሜትር ያህል መራቅ አለበት ይላል። እኛ ከዚያም እንርቃለን። ዓባይ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ አትሂዱ። ገዳማቱ አጠገብም አትጩኹ። ዳር ዳሩ ላይ፣ ሣር ባለበት ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አትቆዩ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

የደንገል ታንኳ ካያችሁ ደግሞ ጀልባዋን አቁሙ። ቀንሱ አላልኩም፤ አቁሙ። ያ ሰው ሊዝናና አልወጣም፤ ማዕበላችን ታንኳውን ውሃ ከሞላው የቀን እንጀራው ነው የሚሄደው።

ላይፍ ጃኬት እንደምትለብሱ የታወቀ ነው፤ አልናገርም። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። አዲሷን ቦርድ ይዛችሁ መጀመሪያ ገመዱን ሳትለቁ ሁለት ደቂቃ ሂዱ። ከዚያ ልቀቁ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ሦስቱንም ከሰመጣችሁ ሰው ጨምሩ። ሰው ጨምራችሁም ከሰመጣችሁ ቦርዷ የእናንተ አይደለችም።

የእኔ 127ቷ ዛሬ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ልጅቱ 52 ኪሎ ናት። ባለፈው እሑድ ሁለት ዙር ተሽክርክራ ሳትወድቅ ቆመች። ጋሼ ዞር ብለው አዩና «አክንባሎው ሠራ እኮ!» አሉ።