ከኤምአርአይ ምስል ተነስቶ የአንጎል ዕጢ ታማሚ በሕይወት የሚቆይበትን ጊዜ መገመት እንዴት ይሠራል?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ቁጭ ብዬ ይህን ስሞክር ያየኝ ጓደኛዬ «ጠንቋይ ሆንክ እንዴ?» አለኝ። ጥንቆላ አይደለም፤ ላፕቶፕ፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና ትዕግሥት ይበቃል። የሚወጣው ቁጥር ግን ለልምምድ እንጂ ለአስታማሚ የሚነገር አይደለም።

መጀመሪያ ዳታው። ብራትስ የተባለውን ክፍት የግሊዮማ (ከአንጎል ደጋፊ ሴሎች የሚነሣ ዕጢ) ምስሎች ስብስብ አውርዱ። የ2020ው ማሠልጠኛ 369 ታማሚዎች አሉት፤ ዕድሜያቸውና በሕይወት የቆዩበት ቀን የተመዘገበው ግን የ236ቱ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ዓይነት የኤምአርአይ ምስል አለ፦ ቲ1፣ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ማጉያ ፈሳሽ) ተሰጥቶ የተነሣ ቲ1፣ ቲ2 እና ፍሌር። ፋይሉ ከባድ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሙ። እኔ ሁለቴ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

የዕጢው ቦታ ተሰምሮ፣ ክፍሎቹም በቁጥር ተለይተው አብሮ ይመጣል። 1 የሞተው መሐል፣ 2 ዙሪያውን ያበጠው፣ 4 ኮንትራስት ሲሰጥ የሚያበራው ነው። 3 የለም፤ ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ሲቲ ስካን ላይ ቁጥሩ የታወቀ መለኪያ አለው፤ የተለመደው ኤምአርአይ ላይ የለውም። ቅዳሜ ገበያ ሁለት ነጋዴ በተለያየ ጣሳ እየሰፈሩ «አሥር ጣሳ» እንደሚሉት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ምስል በራሱ አማካይና ስርጭት አስተካክሉ። ከዚያ ፓይራዲዮሚክስ በተባለው ፕሮግራም የዕጢውን መጠን፣ ቅርጽና ሸካራነት (ድምቀቱ ከነጥብ ነጥብ እንዴት እንደሚለዋወጥ) ወደ ቁጥር ለውጡ። እዚህ ላይ ነው የተታለልኩት። ፕሮግራሙ ሌላ ካላዘዛችሁት የምስሉን ድምቀት በ25፣ በ25 ይከፋፍላል። የእኔ ምስል ከተስተካከለ በኋላ ከሞላ ጎደል ከ-3 እስከ 3 ስለነበር ሁሉም አንድ ሁለት ክፍል ውስጥ ታጨቀ፤ የሸካራነቱ ቁጥር ለሁሉም ሰው ተቀራራቢ ሆነ። ኮዱ ደግሞ ምንም ስህተት አላለም! የተስተካከለውን ምስል በ100 ብታበዙት ይፈታል።

ሦስቱን የዕጢ ክፍሎች በአራቱ ምስሎች ስታስሉ ለአንድ ሰው 1,158 ቁጥር ይወጣል። ለ236 ሰው ይህ ከልክ በላይ ነው፤ ሞዴሉ ከመማር ይልቅ ይሸመድዳል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው፦ ለመፈተኛ የሚሆኑትን ሰዎች አስቀድማችሁ ለዩና አትንኳቸው፤ ጥቂት የሚረቡ ቁጥሮችን ከቀሩት ብቻ ምረጡ። ሁሉም ላይ መርጦ በኋላ መለየት ፈተናውን ከመልሱ ጋር ማጥናት ነው።

ለመለማመድ ራንደም ፎረስት (የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ድምፅ አስተባብሮ የሚገምት ሞዴል) ይበቃል። ብራትስ ታማሚዎቹን ከ10 ወር በታች፣ ከ10 እስከ 15 ወር እና ከ15 ወር በላይ ብሎ ይመድባል። ከሁሉ በፊት ግን ዕድሜን ብቻ አስገብታችሁ ውጤቱን ጻፉ፤ በግሊዮብላስቶማ (ኃይለኛው የግሊዮማ ዓይነት) ዕድሜ የገፋበት ሰው ባብዛኛው የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። የምስሉ ቁጥሮች ይህን ካልበለጡ፣ ያ ሁሉ ስሌት ለዕድሜ የተደረበ ጌጥ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ አልበለጠም።

አንድ ቀን እዚሁ ጎንደር በተነሡ ምስሎች ልሞክር ካላችሁ፣ ከሥነ ምግባር ፈቃዱ ቀጥሎ የምስሉን ቁራጭ ውፍረት ጠይቁ። በመደበኛ ምርመራ አንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ብራትስ ግን ወደ 1 ሚሊሜትር ተስተካክሏል። በዚህ ልዩነት ሸካራነቱን አላምነውም፤ በዕድሜና በዕጢው መጠን ብቻ እጀምራለሁ።