ትንንሽ ልጆችን ለመርዝ የሚያጋልጡ ስህተቶች

እንደ ልብ መሄድ የጀመረ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳል። ተፈጥሮው ነው። መለወጥ የምንችለው የእኛን ልማድ ነው።

በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ በውኃ ፕላስቲክ መገልበጥ። ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ልጁ ያንን ፕላስቲክ የሚያውቀው ውኃ ሲጠጣበት ነው። ሲጠማው ብድግ አድርጎ ይጎነጫል። በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፤ ከፍ ባለ፣ በሚቆለፍ ቦታ። ልጅ አይከፍተውም የተባለ ክዳንም ልጁን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

መድኃኒትን "ከረሜላ ነው" ብሎ ማባበል። ዛሬ ዋጠልን ብለን ደስ ይለናል፤ ነገ ራሱ ይፈልገዋል። በተለይ ነፍሰ ጡር እናት የምትወስደው የአይረን ኪኒን ይጠንቀቁ። ከረሜላ ይመስላል፤ ትንሽ ልጅ ብዙ ፍሬ ከዋጠ ግን ሊገድለው ይችላል። መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል የእንግዳ ቦርሳም አይረሳ።

በግድ ማስመለስ። እባካችሁ፣ ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። የሚያቃጥል ኬሚካል ሲወርድ የላጠውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ይልጠዋል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባና ትንፋሽ ያሳጣዋል። ጨው በውኃ በጥብጦ መስጠት ራሱን የቻለ መርዝ ነው። ወተትም የመርዝ ሁሉ ማርከሻ አይደለም። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡለት። ፀረ ተባይ ከነካው ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ በቆዳም ይገባልና። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡት።

"ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው" ብሎ መጠበቅ። ፓራሲታሞል አብዝቶ የዋጠ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ሲቦርቅ ሊውል ይችላል። ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ማርከሻው የበለጠ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። በሪሞትና በመጫወቻ ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋና ክብ የሆነች ባትሪ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ምልክት አትጠብቁ፤ ሩጡ።

ባዶ እጅ ሐኪም ቤት መድረስ። ጠርሙሱን ወይም የኪኒኑን ማሸጊያ ያዙ። ምን እንደጠጣ፣ መቼ፣ በግምት ምን ያህል፣ ለሐኪሙ ንገሩ። "ማነው እዚህ ያስቀመጠው?" የሚለው ጭቅጭቅ ይቆይ። ያየ ታላቅ ወንድም ወይም ሞግዚት ከፈራ እውነቱን ይደብቃል፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚፈልገው ያንን እውነት ነው።