የመኪና ቸርኬ በገዛ እጅ እንዴት ይቀባል?

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። የብረት ቸርኬዎቿ ከመዛጋቸው የተነሳ ታጥባ እንኳ ከጭቃ የወጣች ትመስል ነበር። ቀለም ቀቢው የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ራሴ ልቀባ ቆረጥኩ። ዛሬ ቸርኬዎቹ ያምራሉ፤ እዚህ የደረስኩት ግን አንድ ጊዜ ሕይወቴን ለአደጋ ካጋለጥኩ በኋላ ነው። የምነግርዎት ስለ ብረት ቸርኬ ነው። ክሮም የተነከረ ከሆነ ይተዉት፤ ቀለሙ በጥቂት ጊዜ እየተላጠ ይወርዳል።

በትርፍ ጎማው ይጀምሩ። ቢበላሽም ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነው። እሱ ሲደርቅ ከአንዱ ጎማ ጋር ይቀያይሩትና የወጣውን ይቀባሉ፤ እንዲህ እያሉ አምስቱን ይጨርሳሉ። መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ አታድርም፣ ሥራም አይቀሩበትም። ይህ የሚሆነው ግን ትርፍ ጎማው ከሌሎቹ እኩል ሲሆን ነው፤ ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ለዚህ አይሆንም።

ቸርኬውን በዱቄት ሳሙና ፊትና ኋላውን ይጠቡ። ሬንጅ ካለው በነጭ ጋዝ ያስለቅቁና እንደገና በሳሙና ይጠቡት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ይፈግፍጉ። የጭረቱን ሸካራነት በ240 ያለስልሱ። ጤነኛ አሮጌ ቀለም መነሳት የለበትም፤ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በ400 ማሸት ይበቃዋል። በመጨረሻ ቲነር በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት። ጎማው ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ላይ የተያያዙትን ትንንሽ ክብደቶች፣ የባላንስ እርሳሶቹን፣ እንዳይነቅሉ።

ጎማውን ከቀለም ለመከላከል የመጫወቻ ካርታ የሚያህል ነገር የለም። ነፋሱን ትንሽ ቀነስ አድርገው ካርታዎቹን በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል እያደራረቡ ዙሪያውን ይሰኩ። ቫዝሊን የሚቀቡ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ወደ ብረቱ ከሾለከ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ አይይዝም።

አሁን ዋናው ነገር። ቀለም የማይነካቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፦ ቡሎኖቹ የሚቀመጡባቸው ሾጣጣ ቀዳዳዎችና ከኋላ በኩል ቸርኬው ከመኪናው ጋር ፊት ለፊት የሚገጥምበት ጠፍጣፋ ክፍል።

እኔ መጀመሪያ ስቀባ ሥራ ያማረልኝ መስሎኝ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር ሦስት ጊዜ አጥግቤ ቀባሁ። ጎማውን አሰርኩ፣ ቡሎኖቹን በሙሉ ኃይሌ አጠበቅሁ። በሳምንቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስጓዝ ሰንዳፋን እንዳለፍኩ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመንገዱ ነው ብዬ ትንሽ ነዳሁ። ቆሜ ሳይ ከፊት ግራ ጎማ ሁለቱ ቡሎኖች በጣት ይዞሩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቡሎኑ የጠበቀው በብረት ላይ ሳይሆን በቀለም ላይ ነበር። ቀለም ሲጫኑት ይደቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይረግፋል፤ የነበረበት ቦታ ክፍተት ሲሆን ቡሎኑ ይላላል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ወይም በየቀዳዳው አሮጌ ቡሎን አስቀምጠው ይርጩ። የኋላውን ጠፍጣፋ ክፍል እንዳለ ይሸፍኑት። ቀድሞ የተቀባ ካለም እስከ ብረቱ ይፋቁት።

ብሩሽ ወይስ ስፕሬይ? ሰው ብሩሽን ይንቃል። ቸርኬው በፕላስቲክ ኮፍያ የሚሸፈን ከሆነ በትንሽ ቲነር የቀጠነ የዘይት ቀለምና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ግቢውንም አያጨሰውም። ሁሌ የሚታይ ከሆነ ግን ስፕሬይ ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ቸርኬ ላይ አያደባልቁ፤ ያልጠነከረ የዘይት ቀለም ላይ ስፕሬይ ሲረጭ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ይጨማደዳል።

መጀመሪያ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን የዝገት መከላከያ ይቀቡ። ስፕሬዩን ደኅና አድርገው ይናጡ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይርጩ፤ እጅዎ አይቁም። የመጀመሪያው ዙር ብረቱን እንኳ በቅጡ ባይሸፍነው አይጨነቁ። 10 ወይም 15 ደቂቃ እየጠበቁ ሦስት ስስ ዙር መርጨት ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ወፍራሙ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል። ከተንጠባጠበ አይንኩት፤ ደርቆ ሲያድር በ400 ያሹት። በቀትር ፀሐይና በሐምሌ ጭጋግ አይቀባም።

ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር። ካርታውን ያውጡ፣ የቀነሱትን ነፋስ ይሙሉ፣ ጎማውን መልሰው ይግጠሙ። ቡሎኖቹን በዙር ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን ያጥብቁ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ቁልፍ ያሳርፉባቸው። በመጨረሻ ትርፍ ሆኖ የሚቀመጠው ጎማም ነፋሱ መሞላቱን እንዳይረሱ፤ እኔ ረስቼው ጎሚስታ ፍለጋ በእግሬ ሄጃለሁ።